ያልደረሰኝ «አንተ»

ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ የሦስት ልጆች አባት የሆነ ሰው በብስክሌት ጓደኛው ይቀናል ቢባል ማን ያምናል? ባለቤቴ አላመነችም። «በእኔ እንኳ እንዲህ ቀንተህ አታውቅም» አለችኝ፤ የተቀየመች ሳትመስል፣ እንዲያው ነገሩ እንዳስገረማት ሁሉ። እውነቷን ነው። እንደዚያ ክረምት ቀንቼ አላውቅም፤ አሁንም ቢሆን ቅናቱ ለቀቀኝ ብዬ አልዋሽም።

ጓደኛዬ አሶሳ ገበያ ጫፍ፣ ከማንጎ ዛፍ ሥር በተሠራች የቆርቆሮ ዳስ ብስክሌት ይጠግናል። የበርታ ብሔረሰብ ሰው ነው፤ ተወልዶ ያደገውም ከከተማው ጀርባ ካሉት ኮረብቶች ማዶ ነው። በአሥራ አምስት ዓመት ያንሰኛል። እኔ ከጎጃም ተመድቤ የመጣሁ የአማርኛ መምህር ነኝ። ከስድስት ዓመት በፊት ፔዳል ተሰብሮብኝ ብስክሌቴን እየገፋሁ ሄድኩ፤ ፔዳሉን ሠራልኝና በማግስቱ እስከ ኮረብታው አናት ድረስ አብረን ወጣን። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ነሐሴ ላይ፣ ዝናቡ በበረታበት ሰሞን፣ አንድ ትልቅ ጉዞ እናደርጋለን። ክረምት ሲገባ ባልደረቦቼ ወደየአገራቸው ይበተናሉ። እኔ «ዘንድሮም ሥራ አለብኝ» እያልኩ እቀራለሁ፤ ሥራዬ ይኼው ጉዞ ነው።

ለምን በዝናብ እንደሆነ ሁሉም ይጠይቀናል። በበጋ ኮረብታው አቧራ ነው፣ ሣሩም ይቃጠላል። በነሐሴ ግን ቀርከሃው ይለመልማል፣ ቀዩ መንገድ ይቀዘቅዛል፣ ሰውም አይበዛበትም። ለሰው የምሰጠው ምክንያት ይህ ነው። ለራሴ ያለኝ ምክንያት ግን ሌላ ነው። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ እሱ ከፊት፣ እኔ ሦስት ክንድ ያህል ከኋላው እሄዳለሁ። እሱ በረገጠበት እረግጣለሁ፣ እሱ ጎንበስ ሲል ጎንበስ እላለሁ። ዓመቱን ሙሉ ከፊት ቆሜ ስናገር የምውል ሰው፣ አንድ ቀን እንኳ ከሰው ኋላ ስሆን እንዴት ደስ እንደሚለኝ ለማንም ነግሬ አላውቅም። ያችን ቦታ እወዳታለሁ።

የዝናብ ጉዞ ብድግ ተብሎ አይወጣበትም። ዝግጅቱን የምንጀምረው ሐምሌ መጨረሻ ላይ ነው፤ እኔ በደብተር እይዛለሁ፣ እሱ በጭንቅላቱ። ሁለት ቀን በተከታታይ ዘንቦ ጠዋቱ ከጠራ ቀኑ ጥሩ ነው። እዚህ ዝናቡ የሚወደው ከሰዓት በኋላውን ስለሆነ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ወጥተን ከስምንት ሰዓት በፊት መመለስ አለብን። ጎማው ላይ የሚደፋውን የጭቃ መከላከያ ቆርቆሮ እንፈታዋለን፤ ስሙ መከላከያ ይሁን እንጂ የአሶሳ ቀይ አፈር እሥሩ ገብቶ ሲጠቀጠቅ ጎማውን አልዞርም ያሰኘዋል። የጎማውንም ንፋስ እናጎድላለን፣ ድርቅ ብሎ የተነፋ ጎማ ጭቃ ላይ ይከዳል። ጭቃ መፋቂያ የቀርከሃ እንጨት፣ የስልክ መጠቅለያ ላስቲክ፣ የተቀቀለ በቆሎና ለውዝ እንይዛለን። በመንገዱ ላይ አንድ ጅረት አለ፤ ውሃው ከጉልበት ካለፈ እንመለሳለን እንጂ አንጀግንም። ለምናልፍባቸው ቀበሌዎችም አስቀድመን እንነግራለን፣ ጭቃ የለበሱ ሁለት ሰዎች ከቀርከሃ ውስጥ ብቅ ሲሉ የሚደነግጥ አይጠፋም።

ስለ ጓደኛዬ አማርኛ ካልነገርኩ ቀሪው አይገባም። አማርኛን የተማረው በገበያ ነው። ጾታ አይለይም፣ ማዕረግም አይለይም። በቆሎ የምትሸጠውን ሴትዮ «አንተ፣ ዛሬ ስንት ነው?» ይላታል። የቀበሌውን ሊቀመንበር «አንተ፣ ጎማህ ተንፍሷል፣ ና» ይለዋል፤ ሊቀመንበሩም ስቆ ይመጣል። የገዛ ሚስቱን ነገር ሲያወራ እንኳ «ሚስቴ ገበያ ሄዷል» ይላል። ከተማው ይህን ለምዶታል፣ የሚቀየም የለም። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል እኔን ብቻ «እርስዎ» ይለኛል። «ኡስታዝ፣ ይቀመጡ። ኡስታዝ፣ ፍሬንዎን ልየው።» ኡስታዝ በእነሱ አፍ አስተማሪ ማለት ነው፤ አንገቱ ላይ ማተብ ያሰረ የጎጃም ሰው ኡስታዝ ሲባል የሰሙ ባልደረቦቼ እስከ ዛሬ ይስቁብኛል። እኔ ግን እኮራ ነበር። ሌላው አማርኛው ሲጎብጥ ሲንጋደድ፣ የእኔ «እርስዎ» ብቻ ቀጥ ብላ ትወጣለች። ከከተማ ሰው ሁሉ ለይቶ ማክበሩ ፍቅሩ ነው ብዬ ደምድሜ ነበር።

በስድስተኛው ዓመት፣ ሐምሌ ሊያልቅ ሲል፣ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የሚያስተምር አንድ ወጣት ወደ መጠገኛው መጣ። ከአዲስ አበባ ነው የተመደበው። ብስክሌቱን አውቶቡስ አናት ላይ ጭኖ ነው ያመጣት፤ ጎማዋ እንደ በሬ አንገት የወፈረ፣ ጥርስ ጥርስ ያወጣ፣ ፍሬኗ በዲስክ የሚይዝ። ጓደኛዬ ሥራውን አስቀምጦ ተነሣ። ዞራት። ጎንበስ ብሎ ከሥር አያት። ከዚያ ልጁን ቀና ብሎ «አንተ፣ ይሄ ከየት አመጣህ?» አለው።

በልቤ «ተመስገን» አልኩ። አንተ ነው የተባለው፤ እንደ በቆሎ ሻጯ፣ እንደ ማንም። እኔ በርጩማው ላይ ተቀምጬ እግሬን አነባበርኩ።

እንግዳ ውሎ ሲያድር ወርቁ ብር፣ ብሩ ብረት ይሆናል እያልኩ ጠበቅኩ። ይኼኛው ግን ውሎ ሲያድር ይባስ ወርቅ ሆነ። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ መጠገኛው ውስጥ አገኘዋለሁ። እጁን ዘይት ነክሮ ካቴና ያጥባል። ጓደኛዬም ከእሱ ጋር ሲያወራ ሌላ ሰው ይሆናል። «አንተ ውሸታም» ይለዋል። «አንተ፣ ዶክተር ትሆናለህ፣ ብሎን ማሰር አታውቅም» ይለውና ትከሻውን ይገፋዋል። አንድ ቀን እንዲያውም የልጁን የራስ መከላከያ ቆብ አድርጎ፣ መሐል መንገድ ወጥቶ፣ ትራፊክ ፖሊስ መስሎ ባጃጅ ሲያስቆም አየሁት። ስድስት ዓመት ስመላለስ አንድም ቀን እንዲህ ሲቀልድ አላየሁም። እኔ ስገባ ቆቡን አውልቆ፣ በርጩማውን በጨርቅ ጠርጎ፣ «ኡስታዝ፣ ይቀመጡ» አለኝ።

ተቀመጥኩ። በርጩማው ላይ ምንም አቧራ አልነበረም፤ እንዲያም ሆኖ ጠረገው። አንጀቴ ያረረው ያን ቀን ነው።

ከዚያ በኋላ ጆሮዬ አንድ ሥራ ብቻ ያዘ፦ «አንተ» መቁጠር። ለልጁ የሚላትን «አንተ» ለቀበሌው ሊቀመንበር ከሚላት እለያት ጀመር። ስትወጣ ሳቅ አለባት፣ መጨረሻዋም ላላ ትላለች። ሰው ለታናሽ ወንድሙ፣ ለአብሮ አደጉ የሚላት ናት። ሰላሳ ዓመት ሰዋስው አስተምሬ ስለ አንድ ተውላጠ ስም ይህን ያህል ማሰቤ የመጀመሪያዬ ነው። የእኔ «እርስዎ» ደግሞ እንደ ንጹሕ ብርጭቆ ናት፤ ለእንግዳ ትወጣለች፣ ከዚያ ታጥባ ቁም ሣጥን ትገባለች።

ቀጥሎ የቀኑ ነገር መጣ። በየዓመቱ ጉዟችን ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ ነው። ጾም ይዤ ኮረብታ እንዳልወጣ ብሎ ራሱ ጓደኛዬ ነው ያስለመደን፤ እኔ ጠይቄው አይደለም። ያን ዓመት ግን ደብተሬን ገልጬ ቀኑን ልጽፍ ስል «ኡስታዝ፣ ዘንድሮ ነሐሴ አሥራ ሁለት ይሁን?» አለኝ። ልጁ አሥራ አራት ላይ ወደ አዲስ አበባ ሊሄድ ነው። «በቆሎና ለውዝ ጾም ነው። ሚስቴ ጠየቅኩት፣ ጎረቤት ክርስቲያን አለው፣ ይበላል አለኝ» ብሎ ጨመረበት። ይህን ያህል አስቦ፣ ይህን ያህል ጠይቆ! ለእኔ መስሎኝ ደስ ሊለኝ ሲል ለማን እንደሆነ ትዝ አለኝ። «ይሁን» አልኩና አሥራ ሁለትን ጻፍኩ። እርሳሱ ተሰበረ።

መንገዱንም እንዲሁ ነጠቁኝ። እኔ በአምስት ዓመት ውስጥ የኮረብታውን ካርታ በእጄ ሥዬ ነበር፤ ጅረቱ፣ ሁለቱ ቁልቁለቶች፣ አርፈን የምንበላበት ጠፍጣፋ ድንጋይ። ልጁ ስልኩን አወጣ። በስልኩ ላይ ኮረብታው ቁልጭ ብሎ ወጣ፤ ዳገቱ የት እንደሚበረታ በመስመር ያሳያል። ጓደኛዬ የተወለደበትን መንደር አሳየው። ሁለቱ ጭንቅላታቸውን አጋጥመው ስልኩ ላይ ተደፉ። «አንተ፣ እይ፣ የአባቴ ቤት!» ይላል ጓደኛዬ። ልጁ ባለጌ ቢሆን ኖሮ በቀለለኝ፤ እሱ ግን ቀና ብሎ «ጋሼ፣ ይምጡ ይዩ እንጂ፤ የእርስዎ ካርታ እኮ ከዚህ ጋር አንድ ነው» አለኝ። «ዓይኔ ስልክ አያይም» አልኩት። በሩቁ የሚመጣን ተማሪ በአረማመዱ የምለይ ሰው ነኝ።

አሁን የማፍርበትን ልናገር። ነሐሴ አሥር ቀን ልጁ ከመንገድ አገኘኝና «ጋሼ፣ ለጭቃው የጎማውን ንፋስ እንዴት ላድርገው?» ብሎ ጠየቀኝ። ቀና ብሎ ዓይን ዓይኔን እያየ ነው የጠየቀኝ። «በደንብ ንፋው» አልኩት። «ድርቅ እስኪል። መከላከያውንም እንዳትፈታ፣ ልብስህ ይበላሻል።» አመስግኖኝ ሄደ። ቤቴ እስክደርስ ድረስ ቢወድቅ ምን ይመስላል እያልኩ አሰብኩ። እንዲሰበር አልፈለግኩም፤ እንዲንሸራተት፣ ጓደኛዬ ፊት ጭቃው ላይ ቁጭ እንዲል ብቻ ነው የፈለግኩት። ቅናት ሰውን ምን ያህል ትንሽ እንደሚያደርግ በልኬ አየሁት።

በማግስቱ፣ በጉዞው ዋዜማ፣ ሦስታችንም ለመጨረሻ ጊዜ ብስክሌቶቹን ለማየት መጠገኛው ውስጥ ተገናኘን። ዝናብ ይዘንባል። ጓደኛዬ የልጁን ጎማ በአውራ ጣቱ ጫን አለው፤ አልገባለትም። መከላከያውንም አየ። «አንተ፣ ይሄ ምንድነው? ማን እንዲህ አድርግ አለህ?» አለው።

ልጁ አየኝ። እኔ የዝናቡን ውሃ አየሁ።

«ማንም አላለኝም፤ እኔው ነኝ» አለ ልጁ። «አላወቅኩም ነበር።»

ጓደኛዬ «አንተ አህያ» ብሎ ሳቀና ንፋሱን ሊያጎድል ቁጭ አለ። ልጁም ሳቀ፣ አብሮት ቁጭ አለ፣ ብሎኖቹን መፍታት ጀመረ። ሊያሳፍረኝ ሲችል ሸፈነኝ፤ በዚያ ላይ በእኔ ጥፋት «አንተ አህያ» ተባለ። እኔን ለመጥቀም ያደረገው ነገር ይበልጥ አቃጠለኝ። ልጁ ዝናቡ ጋብ ሲል የመፍቻ ዕቃ ሊያመጣ ወደ ጎረቤት ሱቅ ወጣ። አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል እንደሚባለው፣ ሳላስበው አፌ ተከፈተ።

«እሱን አንተ ትለዋለህ» አልኩ።

ጓደኛዬ ቀና አለ። «እ?»

«እሱን አንተ፣ ሊቀመንበሩን አንተ፣ ሁሉንም አንተ። ስድስት ዓመት ሙሉ እኔን እርስዎ። ምን በድዬህ ነው?»

ለአፍታ የምቀልድ መሰለው። ከዚያ ፊቴን አየና መፍቻውን አስቀመጠ። «እርስዎ ነዎት ያሉኝ» አለ።

«መቼ?»

«የመጀመሪያ ቀን። ፔዳል ቀን። እኔ "አንተ፣ ነገ ና፣ ኮረብታ ላሳይህ" አልኩ። እርስዎ ቆሙ። "አንተ አይባልም። የልጆች አባት ነኝ። እርስዎ በል" አሉኝ። ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። ይምጡ፣ ይቀመጡ፣ ይሂዱ። እዚህ የነበረ ሰው ሁሉ ሳቀ።» በጣቱ የዛፉን ሥር አሳየኝ። «ማታ ቤት ገባሁ፣ ሚስቴ ነገርኩት። "ጓደኛ መስሎኝ ነበር፤ አስተማሪ ነው" አልኩት። ሚስቴ "እሺ፣ እንዳለህ አድርግ" አለ። አደረግኩ።»

ለማስታወስ ሞከርኩ። ፔዳሉን አስታወስኩ፣ ሙቀቱን አስታወስኩ፣ የዛፉን ጥላ አስታወስኩ። ያልኩትን ግን አላስታወስኩትም። በቀን ሰላሳ ሰው አርማለሁ፤ በክፍል፣ በገበያ፣ በባጃጅ ውስጥ። አንዱን አርሜ ወደ ሌላው ሳልፍ የፊተኛው ከአእምሮዬ ይጠፋል። «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» የሚለውን ተረት በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ ጽፌ ትርጉሙን አስረዳለሁ፤ ለእኔም የተባለ መሆኑን ግን ልብ ብዬ አላውቅም። ያ ቀጥ ያለ ሰዋስው የፍቅሩ ምልክት አልነበረም፣ በሰው ፊት ተደጋግሞ የተጠና ትምህርት ነበር። ጓደኛ ፍለጋ የዘረጋውን እጅ አርሜ መለስኩለት፤ እሱም ስድስት ዓመት ሙሉ ሳይሳሳት ደገመልኝ።

«ተወው እሱን» አልኩት። ድምፄ ልመና ልመና አለብኝ። «ከዛሬ ጀምሮ አንተ በለኝ።»

«እርስዎን?»

«እኔን።»

ደግ ሰው ነው፤ ሞከረልኝ። እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ ቆመ፣ ለንግግር እንደተጠራ ሰው ጉሮሮውን ጠራረገ። «እሺ። አንተ… ነገ… ነገ በጠዋት… ይምጡ» አለና ሳቁ አመለጠው። ደግሞ ሞከረ፤ ደግሞ «ይምጡ» ወጣ። ከዚያ ራሱን ነቀነቀ። «አልሆነም፣ ኡስታዝ። አፌ ለምዷል። ደግሞም እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት፣ ነውር ይመስለኛል።» አንተ መባል ነውር እንደሆነ ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

ልጁ ተመለሰ። ጓደኛዬ ስለ ነገው ጉዞ የቀሩትን ነገሮች ይቋጭ ጀመር፦ የምንነሣበት ሰዓት፣ የምንይዘው በቆሎ፣ የጅረቱ ውሃ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ፤ የተናገርኩት ነገር ከብዶት፣ ሊክሰኝ ፈልጎ እንደነበር ከፊቱ ይታያል። «ኡስታዝ፣ ነገ እርስዎ ከፊት ይሁኑ» አለኝ። «መንገዱን ያውቁታል። ከኋላ ሲሆኑ የእኔ ጎማ ጭቃ ይረጭብዎታል፣ ሁልጊዜ ያሳፍረኛል። እኔ ከዚህ ልጅ ጋር ከኋላ እመጣለሁ።» ከልቡ ነው ያለው። ያለችኝን ቦታ የወሰደብኝ በክብር ነው፤ የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ጣልኩ። «እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ። ደብተሬ ላይ የአካሄዱን ተራ አስተካክዬ ጻፍኩ።

በማግስቱ ሰማዩ እንደፈለግነው ጠራ። ከቀርከሃው መሐል ሽቅብ ስንወጣ እኔ ከፊት ነበርኩ። ከፊቴ ማንም ያልረገጠው ቀይ መንገድ ነበር፤ የት እንደምረግጥ የሚያሳየኝ አልነበረም። ጅረቱ ከጉልበት በታች ስለነበር ተሻገርን። ከኋላዬ ወሬያቸው ይመጣል፤ ቃሉ አይሰማኝም፣ ሳቁ ግን ይሰማኛል። ላለመስማት ፈጠን እላለሁ፤ በጣም ስርቅ ደግሞ ልስማ ብዬ ቀስ እላለሁ። የመጀመሪያውን ቁልቁለት እንደጀመርን አፈሩ ከጎማዬ ሥር ከዳ፣ የኋላ ጎማዬ ተንጋደደ፣ እንደምንም አቅንቼ ያዝኩት።

ወዲያው ከኋላዬ የጓደኛዬ ድምፅ መጣ፣ ደንግጦ፦ «አንተ! ቀስ! ፍሬን ልቀቅ!»

 እንደ ተማሪ «አቤት!» ብዬ ፍሬኔን ለቀቅኩ፣ እግሬን መሬት አስነክቼ ቆምኩና ዞርኩ።

ልጁ ከእኔ አሥር ክንድ ያህል ወደ ኋላ፣ የመንገዱ ጥግ ላይ ብስክሌቱን በሰያፍ ይዞ ቆሟል፤ ጓደኛዬ ወርዶ ክንዱን ይዞታል። ጓደኛዬ «አቤት» ማለቴን ሰምቶ ኖሮ ቀና ብሎ አየኝ። እጁን አንሥቶ በአክብሮት ወደ ፊት አመለከተኝ።

«እርስዎን አይደለም፣ ኡስታዝ» አለኝ። «እርስዎ ይሂዱ።»